በስምሽ የሞላሁት ቅጽ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ የጎሬን ብርድ ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ብሶበታል። የሚገርምሽ፣ ከባሮ ዓሣ ጋር ተጣልቻለሁ። ሽታው ገና በር ላይ ሲደርስ ሆዴ ይገላበጣል። ያንን ሁሉ ዓሣ የምትበላዋ ልጅ ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ሳቅ የለኝም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ጣሪያው አውርተን ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩ።

የከተማው ጥናት ላይ መግባቴን ታውቂያለሽ። ቤት ለቤት እየዞርን ይህች ከተማ የእኔ ናት ትላላችሁ ወይ እያልን እንጠይቃለን። ሰው ፊታችንን አይቶ መልሱን እንዳያሳምር ተብሎ አንድ ደገኛና አንድ የአገሩ ተወላጅ ተጣምሮ ነው የሚሄደው። ለኔ የደረሰኝ ኦጅዋክ ነው፤ የጎረቤታችን የአኬሎ ልጅ።

ሰው ሆዱ ውስጥ ስንቱን ይዞ ይኖራል እማዬ! ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ኛቾል የምትባል እናት፣ የውኃ ቦኖው ላይ ወረፋዋ ደርሶ እንኳ አማርኛዋን ሲሰሙ ወደ ኋላ እንደሚገፏት ነገረችን። ባለሱቁ ጋሼ ዘውዱ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ እዚሁ ወልጄ ከብጄ፣ ዛሬም መጤ ነኝ ብለው አለቀሱ። ኦጅዋክ የሁለቱንም ቃል በቃል ጻፈው።

የኛ ቤት ተራም ደረሰ። አንቺ ጎሬ ብትሆኚም ቤቱ በስምሽ ስለሆነ የሚፈለገው ያንቺ መልስ ነው። እናቴ የምትለውን ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሞላሁልሽ። ከተማዋ የእርስዎ ናት ወይ ለሚለው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሕፃናቷን የከተብኩ፣ የማን ልትሆን ነው አልኩልሽ። ኮራሁብሽ። የመጨረሻው ጥያቄ ልጅዎን ከሌላ ወገን ለመጣ ይድራሉ ወይ ይላል። የሥራ ጓደኛሽ ልድያ ኑዌር ያገባች ዕለት ጓዳ ገብተሽ ያልሽው ትዝ አለኝና እንዳለ ጻፍኩት፦ ጎረቤትነቱ ይበቃናል፤ ልጄን ለነሱ ከመዳር ብቀብራት ይሻለኛል።

ቅዳሜ ሕዝቡ አዳራሽ ተሰብስቦ መልሶቹ ያለ ስም ተነበቡ። አንባቢው ኦጅዋክ ነበር። የእጅ ጽሑፌን ጠንቅቆ ያውቃል። ያንቺን ወረቀት አነሳ። ድምፁን ሳይቀንስ፣ አንድ ቃል ሳይዘል አነበበው። አኬሎ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ሰበሰበች። እሷ እኮ ናት አንቺ አዳር ስትገቢ ያሳደገችኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ኦጅዋክ ለሥራ ካልሆነ አያናግረኝም። ትናንት ብቻ፣ የጻፍሽው የእናትሽን ነው የራስሽን አለኝ። የእናቴን ነው አልኩት። ጠይቀሻታል ወይ አለኝ። ይኼን ደብዳቤ የጀመርኩት ማታውኑ ነው።

እማዬ፣ ክንዱ ላይ፣ ከትከሻው ዝቅ ብላ ያለችው ጠባሳ ያንቺ መርፌ ናት። እሪ ሲል አባብለሽ የከተብሽው አንቺ ነሽ። አኬሎ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

ባዶ ቅጽ አብሬ ልኬልሻለሁ። ሌላውን ተይው፤ የመጨረሻውን ብቻ በእጅሽ ሙዪልኝ። አታቆዪው፣ ቀሚሴ እየጠበበኝ ነው፤ ብዙ መጠበቅ የማልችልበት ጊዜ ላይ ነኝ።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ታብቃን። እናቴን ሳላውቃት ኖሬ ልገኝ፤ በስሜ ዋሽተሻል በይኝ።

አንድያ ልጅሽ