ለአቶ እሸቱ ስለቆመው ድንጋይ

ሊንድሸር፣ ሰኔ 2007 (እ.ኤ.አ.)

ለተከበራችሁ የሊንድሸር ኮሙን የታሪክ ምልክቶች ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን ጤና፣ የቤተሰባችሁን ጤና፣ የድንጋዮቻችሁንም ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በዚህ ዓመት በታሪክ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩ፣ ለበጋው የአስጎብኚነት ሥራ ያመለከትኩላችሁ፣ ማመልከቻዬም ዛሬ እናንተው ጠረጴዛ ላይ መሆኑን በሚገባ የማስታውስ ወጣት ነኝ። በአማርኛ የምጽፍላችሁ ማንም ነዋሪ በራሱ ቋንቋ ቢጽፍ የከተማው አስተዳደር፣ ማለት ኮሙኑ፣ ያስተረጉማል የሚለውን በራሪ ወረቀታችሁን አምኜ ነው፤ እስኪተረጎምላችሁ ድረስ ግን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጋዜጣ አንባቢዎች ቀድመዋችሁ ቢያነቡት ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና። ከስቶክሆልም በስተደቡብ ያለችው ትንሿ ከተማችን የእናንተን ያህል የሚያስታውስላት ማን አላት? አንድ ንጉሥ ሲያልፉ ምሳ የበሉበት ዛፍ ሰሌዳ አለው፤ ፈረሳቸው ብሩንቴ ውኃ የጠጣበት ድንጋይ ሰሌዳ አለው፤ ዛፉ በተቆረጠ ጊዜ እንኳ ጉቶው ሌላ ሰሌዳ ተተከለለት። ባለፈው ወር ደግሞ ለተዘጋው የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች መታሰቢያ አቁማችሁ፣ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ቀርጻችኋል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በድንጋዩ የመጨረሻ መስመር ላይ «እሸቱ» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ ማጠቢያ ሃያ አራት ዓመት የሠሩት ግን እትዬ ከበደች ናቸው። እናንተ ዘንድ ሰው በቤተሰብ ስም ይታወቃል፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፣ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። አቶ እሸቱ የእትዬ ከበደች አባት፣ ደብረ ሲና ገበያ በቅሎ ሲሸጡ ኖረው ያረፉ፣ ስዊድን የምትባል አገር መኖሯን ሳይሰሙ ያለፉ፣ ጋቢያቸውን እንኳ አንድ ቀን በእጃቸው አጥበው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዛሬ ሊንድሸር ላይ በልብስ አጣቢነታቸው ለዘላለም ይመሰገናሉ።

፪. ድንጋዩ በቆመ በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እትዬ ከበደች ነጭ ለብሰው፣ ለእኅታቸው የሚላክ ፎቶ ከስማቸው አጠገብ እንዳነሳቸው ጠየቁኝ። ካሜራዬን ደግኜ ስጠብቅ ስማቸውን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ፈለጉ፤ ደግመው ፈለጉ። ከዚያ ሳቁና «በይ አባባን አንሺልኝ፤ እኔ እንደሆነ የለሁበትም» አሉ። ወደ ቤት መንገድ ስንቀጥል ግን ሳቃቸው ባቡር ጣቢያው ድረስ አልዘለቀም። ፎቶውም አልተነሳም።

፫. ይህንኑ በስዊድንኛ በጨዋነት ጻፍኩላችሁ፤ እናንተም በጨዋነት መለሳችሁ። አሥራ አንዱም በቤተሰብ ስም ብቻ ስለተጻፉ እኩልነት መጠበቁን፣ የእርማት ጥያቄም ድንጋዮቹ በሚታደሱበት በ2017 እንደሚታይ አስረዳችሁኝ። ትዕግሥታችሁ ያስቀናል። እትዬ ከበደች ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እንግዲህ እሳቸው ድንጋይ አይደሉም።

፬. ይሄኛው እንኳ አቤቱታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ከእሸቱ በፊት ባለው ባዶ ቦታ በነጭ ጠመኔ «ከበደች» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ስትጠያየቁ ሰንብታችኋል፤ እኔ ነኝ። እናንተም «ክሎተር» ብላችሁ፣ ግድግዳ ላይ እንደሚሞነጫጨር ነገር ቆጥራችሁ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰው ልካችሁ አሳጠባችሁት። ስማቸውን ለመጻፍ አሥር ዓመት፣ ለመፋቅ አንድ ቀን! ከእንግዲህ ኮሙኑ ቀርፋፋ ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እሟገትላችኋለሁ።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው እገኛለሁ፤ ተደብቄም አይደለም። እናንተ ታጥባላችሁ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ፤ በመጪው እሑድ ግን የማኅበራችን ወጣቶች የየራሳቸውን ጠመኔ ይዘው ይመጣሉ። እትዬ ከበደችም አይቀሩም፤ የላካችሁት ሰው ድንጋዩን ሲፈትግ ከሩቅ አይተው «ኧረ እንዲህ አይታጠብም» ብለዋልና፣ ሙያ ሊያሳዩት ነው። ማመልከቻዬን ለመጣል ይህ በቂ ምክንያት መሆኑ አይጠፋኝም። ምናልባት ብትቀጥሩኝ ግን ጎብኚዎችን መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያ ድንጋይ መሆኑን ከወዲሁ ላሳውቅ።

አሥር ዓመት ለሚዘልቀው ትዕግሥታችሁ አሥር ዓመት የሚዘልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ድንጋዮቻችሁን ከልቧ የምትወድ የከተማችሁ ልጅ፣

ሚካል ጉልላት

(ጉልላት አባቴ ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤ የሚያውቁት ነገር የለም፤ እባካችሁ መልሱን ለእሳቸው እንዳትልኩባቸው።)

ማስታወሻ፦ ስለ ብሩንቴ ቅሬታ የለኝም። በአገራችንም ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና ለፈረስ የምትሰጡትን ክብር እንረዳለን። ሰሌዳውንም ቀረብ ብዬ አነበብኩት፤ አባቱ ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ በገዛ ስሙ ጽፋችሁለታል። እትዬ ከበደች ከፈረሱ አስበልጡኝ አላሉም።