ማተብ ያሰረች የሌሊት ወፍ

ጅጋ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተከበሩ የንስሐ አባቴ፣
ግሽ ዓባይ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሰከላ ብርድ እንደማይምር ስለማውቅ ሐሳቤ ከእርስዎ ጋር ነው። እኔና ታከለ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

«ልጃችሁን፣ ይታገሱን፣ በጸሎት ከሕያዋን ጋር ልጥራው ወይስ ከሙታን?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ይኸው ዓመት ሙሉ አፌን ለጎምሁ። ታከለማ ልጄ ከሱዳን ሲመለስ እድረዋለሁ ብሎ የሰው ልጅ አጭቶለት ተቀምጧል። እኔ ግን አባቴ፣ ከሱ የደበቅሁት ነገር አለ።

አምና በግንቦት ወንዳወቅ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤታችን አርፎ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ዋርካ ላይ ሚያዝያ መጥተው ሰኔ የሚሄዱት የሌሊት ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ ሊያጠና ነው የመጣው። መጀመሪያ ሳቅሁበት፤ ሰው ሥራ ቢያጣ የሌሊት ወፍ ይከተላል? ኋላ ግን ያው እኔው ያዥ ሆንሁለት። ከሰማይ ጋር ይነጋገራል ያለውን ትንሽ መሣሪያ በአንዷ አንገት ሊያስር ሲል ክሩ ተበጠሰ። እንዳትታነቅ በጊዜው የሚበሰብስ የጥጥ ክር ይሁን አለኝ። እኔም ከጉያዬ ማተብ አውጥቼ ሰጠሁት።

ማተብ ለአውሬ! ይፍቱኝ አባቴ። የእኔው ማተብ ግን አልነበረም፤ የእኔ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ከይታገሱ ጋር ወደ ሱዳን የወጣው የቡሬው ክንፈሚካኤል ሲመለስ በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣልኝ የልጄ ማተብ ነው። ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር። እኔም አልጠየቅሁት።

በኅዳር ወንዳወቅ ካርታ ይዞ መጣ። ጉድ እኮ ነው! ያቺ ከአምስት እንቁላል ክብደት የማትበልጥ ፍጥረት በመተማ አልፋ፣ ሱዳንን አቋርጣ፣ ኮንጎ ከሚባል አገር ጫካ ደርሳለች። ማን መራት? ስንቅ የላት፣ መንገድ የምትጠይቀው ሰው የላት! መንገዷን በጣቴ እየተከተልሁ አለቀስሁ፤ እሱ የደስታ መሰለው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ዋርካው ጠቁሯል፤ መጥተዋል። ቀና ብዬ ሳይ፣ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አንዷ ተዘቅዝቃ ተኝታለች። መሣሪያው ወድቋል፤ ማተቡ ግን አንገቷ ላይ አለ። እኔው የፈተልሁት፣ እኔው የቋጠርሁት! መሬቱን ስሜ ቁጭ አልሁ። ልጄ የቀረበትን አገር በላዩ አልፋ፣ ያንን ሁሉ ሰማይ ቀዝፋ፣ ደጃችን ድረስ አምጥታዋለች። የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም፤ እኔም ከዚህ በላይ ልደብቀው አልቻልሁም።

ለማተቡ የሚያዙኝን ስግደት እሰግዳለሁ። ታከለ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማ አልፈልግም። ዛሬ ከብቱ ሲገባ እጁን ይዤ ከዋርካው ሥር እወስደዋለሁ። በሺህ የሚቆጠሩት አንድ ላይ ሲነሡ አስቀድሞ ይይ። ከዚያ እነግረዋለሁ።

መቅደሱን የሚያገለግሉበት ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ከእንግዲህ በጸሎትዎ ከሕያዋን ጋር እኔንና ታከለን ብቻ ያስቡን።

የንስሐ ልጅዎ