ሰኞ ስለምጀምረው ሥራ

ጽጌዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔና ልጅሽ ሳሮን ደህና ነን። ብቻ ፈርቻለሁ፣ ይሄን ደግሞ ካንቺ በቀር ለማን ልንገር?

የተለወጠውን በተራ ልንገርሽ። አንደኛ፣ የሳን ሆዜውን ቤት ለቀን ኦክላንድ አንዲት ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ገብተናል። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ትልቁ ቲቪ ሄዷል። ያንቺ ነጠላ አለ። ሳሮን አልጋዋን በመጋረጃ ከልላ «ማይ አፓርትመንት» ትለዋለች።

ሁለተኛ፣ ሊሞ መኪናውን ሸጥኩት። ሥራውን በስልክ መኪና የሚጠራው አፕ በላው። ስንት ዓመት ሰው ኤርፖርት ሳመላልስ ኖሬ፣ በሃምሳ ዓመቴ የባርት ባቡር ተሳፋሪ ሆንኩልሽ።

ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ነርሲንግ አሲስታንት፣ የነርስ ረዳትነት ተማርኩ። ስትታመሚ ሳገላብጥሽ «እጅህ አይከብድም» ትዪኝ አልነበር? እሱን ይዤ ነው የገባሁበት። ለፈተናው ስንለማመድ አስተማሪዋ ሬዲ ነህ ወይ ስትለኝ፣ እንደልማዳችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ እሺታዬን ነገርኳት። ደንግጣ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ፣ ኦክስጅኔን ለካች። አስም ያለብኝ መስሏታል። ሳሮን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «ዳድ፣ ጀስት ሴይ የስ» አለችኝ። አሁን ቤት ውስጥ የስ ማለት ታለማምደኛለች፣ በሽተኛ እንዳላስደነግጥ።

ፈተናውን አለፍኩ። ሰኞ ዩኒየን ሲቲ አንድ የአረጋውያን ቤት እጀምራለሁ። ባለፈው ለኦሪየንቴሽን ሄጄ ክፍሎቹን ሲያሳዩን፣ አንዲት እናት ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ተኝተዋል። ልክ አንቺ በመጨረሻ እንደተኛሽው። የአልጋው ብረት ያው፣ የመድኃኒቱ ሽታ ያው። ሌሎቹ ገቡ፣ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። የምታስጎበኘን ነርስ አይታኝ አለፈች።

ጽጌዬ፣ ላንቺ የቻልኩትን ለሰው ባልችልስ? ሊሞው የለ፣ የምመለስበት የለ። ሳሮን ደግሞ ለጓደኞቿ አባቴ ነርስ ሊሆን ነው ብላ አውርታለች። አይደለም ብላት አልሰማችኝም።

ስንወጣ ሴትየዋ ውሃ ጠየቁ። ነርሷ ቀና ብላ እኔን አየች። ገባሁ። አንገታቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው፤ ደረታቸው ላይ ትንሽ ፈሰሰ። ጠረግኩላቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ፣ እኔም ቆምኩ።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ ሰኞም ይዤው ነው የምሄደው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በእያንዳንዱ በር ላይ መጀመሪያ ስምሽን በሆዴ እጠራለሁ። ከዛ አንኳኩቼ እገባለሁ።

ያንቺው፣ የሳሮን አባት