የትንሿ ሞተር ቤንዚንና የላክኸው ጋቢ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለደረሰ፤ ባሕር ዳር።

እንደምን ከረምህ ወንድሜ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህስ? ባለቤትህ ዙፋን እንደምን ናት? ልጆችህስ፣ ቴዎ ሥራ አገኘ ወይስ አሁንም ይጠብቃል? ትንሳኤ ትምህርቷን ጨረሰች? እህታችን የሺመቤት ዓይኗ ተሻላት ወይስ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የምትወጣው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴ ወርቅውሃም ደህና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ደህና ነው። ጥርስ ሦስት ቀርቶልኛል፤ ሌላው አካሌ ግን በሥራው ላይ ነው። ናፍቆቱን አልዘረዝርልህም፤ አንተም ቤት አለ።

ይህን የሚጽፍልኝ ተኸስተ ይባላል። እዚሁ ሱዳን ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ የሚኖር የትግራይ ሰው ነው፤ በአገሩ አስተማሪ ነበር፤ በአጨዳ ሰሞን ለሥራ ወደ እኛ ይመጣል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። «ይህስ ይከብዳል አባቴ፣ ይለፍ» ሲለኝ አይለፍም ብዬዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ሰው አታስጨርስም። ወረቀት ሲሆን ግን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ነገሬ ስለዚያች መጫወቻ ስላልካት ትንሽ ሞተር ነው። ከሥሩ ልጀምርልህ። ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ ከእናቷ ጋር የመጣች ባሕሪያ የምትባል ሱዳናዊት ልጅ አለች። በአብዱልሰላም ግቢ ተጠግተዋል፤ አብዱልሰላም እኔ የማርሰው መሬት ባለቤት ነው። ልጅቱ ካርቱም ላይ የምህንድስና ተማሪ ነበረች፤ ከጓደኞቿ ጋር በቤንዚን የሚበር፣ ታቅፈው የሚሸከሙት ትንሽ አውሮፕላን ሠርተው ነበር። በዚህ ዘመን የሚበር ነገር ይዞ መንገድ መሄድ ራስን ማስበላት ነውና ክንፉን መንገድ ላይ ሰብራ ጣለችው። ሞተሯን ብቻ በዱቄት ከረጢት ከታ አመጣቻት። ሁለት ቡጢ አታክልም፤ ከፊቷ የእንጨት ማራገቢያ አላት። ስትነሳ ግን የተቆጣ የንብ ቀፎ ናት።

ግሪሳ ወፍን ታውቀዋለህ። አምና ማሽላዬ ወተት በያዘ ሰሞን እንደ ደመና ወርዶ በሁለት ቀን ባዶ አገዳ አስቀረልኝ። አብዱልሰላም ዘንድሮም ከተበላ መሬቱን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረኝ። አንተም ዘንድሮ ወፍ ከበላው አገርህ ገብተህ ከእኔ ደጅ ትቀመጣለህ ብለህ አስማልከኝ። በቅዱስ ገብርኤል ማልኩልህ። ከዚያ በነጋዴው በታምሬ እጅ ነጭ ጋቢ ላክህ፤ ስትመጣ ትለብሰዋለህ ብለህ። ሰባ ዓመት ለሞላው ሰው ነጭ ጋቢ ከሩቅ አገር ለምን እንደሚላክ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ደረሰ። ተቀብዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ባሕሪያ ያመጣችው ሐሳብ ሞተሯን ወፍ ጠባቂ በሚወጣበት ማማ ላይ እንድንተክላት ነው። ከፊቷ የአሮጌ ካሴት ክር ወጥረን፣ ነፋሷ ክሩን ሲያርገበግበው፣ ድምጿም ሲጮኽ ወፉ አይደፍርም አለች። ሐሳቡ ያንቺ፣ ነዳጁ የእኔ አልኳት። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበር ከተሻገርኩ ወዲህ ካለፈው አርባ ዓመት ሠላሳውን በገዳሪፍ እርሻዎች ከትራክተር ሥር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሞተርን ሳል ግን ጉንፋን ይሁን ሳንባ ለይቼ አውቃለሁ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ አንተ ለሰው ሁሉ እየሳቅህ ከምታወራው እኔው በአፌ ልናገረው። ይህች ሞተር እንደ ትራክተር የራሷ የዘይት ቋት የላትም፤ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የምትጠጣው። ለዚያ የተሠራው ዘይት ከጦርነቱ ወዲህ ከሱቅ ጠፍቷል። ይህ ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው፤ እዚህ ሰሊጥ የማይሠራው ሥራ አለ ብትል ሰው ይቀየምሃል። ለወጡም፣ ለቁስሉም፣ ለሚጮኸው በርም ሰሊጥ ነው። እኔም ግመል በሚያዞረው መጭመቂያ የወጣውን የወርቅውሃን ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት ወስጄ ከቤንዚን ቀላቀልኩ። ተነሳች፣ እንዴት ያለ መነሳት። መንደሩ ጥብስ ጥብስ ሸተተ፤ ጎረቤት ድግስ ያለ መስሎት ብቅ ብቅ አለ። እኔም ኮራሁ። በማግስቱ ማራገቢያዋን ብንገፋው ንቅንቅ የለም። ዘይቱ ውስጧ ረግቶ እንደ ሙጫ ይዟታል። ወርቅውሃ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ መጣችና «እኔን ዘይት አሳጣኸኝ፣ እሷን ነፍስ፤ በርታ» አለችኝ።

አንተም ወፎቹን ልትጠብሳቸው ነው ወይ ብለህ በስልክ እስክታነባ ሳቅህ። ሳቁን አልተቀየምኩም፤ ያስቃል። ከሳቅህ በኋላ ያልከው ግን አልወረደልኝም። «ጋሼ፣ ነዳጅ የተማረ ሰው ነገር ነው፤ ሽጣትና ግባ» አልከኝ። ወንድሜ፣ አንተ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሞተር ታስተምራለህ፤ እንኳን አስተማርህ። ግን እኔም የሠላሳ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰርተፍኬቱን ነው ያልሰጡኝ።

አልሸጥኳትም። ከባሕሪያ ጋር ፈታናት፤ ቀኑን ሙሉ በቤንዚን እየነከርን በመፋቂያ ጫፍ ሙጫውን ፋቅነው። ከአብዱልሰላም የአረም መድኃኒት መርጫ ሞተር ጋር የተቀመጠ ግማሽ ጠርሙስ ትክክለኛ ዘይት ተገኘ። ሲሰጠኝ «ያ ሐጅ፣ ወፉ እኮ ዘይት አይፈራም» ብሎ አላገጠብኝ። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀ ሐጅ ይለኛል፤ እዚህ የሸበተ ሁሉ ሐጅ ነው።

ቤንዚኑ ቀረ። ቤንዚን እዚህ መንገድ ዳር በጠርሙስና በጀሪካን ነው የሚሸጠው፤ ሻጩ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ይምላል። የፊተኛውን ብንሞላት ተነሳች፣ ሳለች፣ ጭስ ተፍታ ሞተች። አሸተትኩት፤ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ትልቅ ሞተር እንዲህ ያለውን እያጉረመረመም ቢሆን ይውጠዋል። ትንሽ ሞተር ግን የሕፃን ሆድ ናት፤ ያልተስማማትን ወዲያው ትመልሰዋለች። ያን ጊዜ ጋቢህን ከሣጥን አወጣሁት።

አዎ፣ የላክኸውን። ሌላ ነጭ ጨርቅ በቤቴ አልነበረም። ከምድጃ ርቄ፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ዘርግቼ፣ ከሦስት ሻጭ ሦስት ጠብታ ጣልኩበት። ወርቅውሃ አማተበች። የመጀመሪያው ሲደርቅ ቅቤ የነካው የሚመስል ቀለበት ተወ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ቀለበቱ ጠበብ ቢልም። ሦስተኛው ግን እያየሁት ተነነ፤ ወዝ የለ፣ ሽታ የለ። እሱንም በብርጭቆ አሳድረን ከሥሩ ውሃ እንዳልተኛበት አየን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይል የነበረው አባታችን ቤንዚን ሳያይ ነው የሞተው፤ ቃሉ ግን ለቤንዚንም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ከሦስተኛው ሻጭ ብቻ ገዛን። እሱንም ቢሆን ጠብታ ሳልጥል አልቀበለውም፤ ጋቢዬን ከሩቅ ሲያይ ራሱ ጀሪካኑን ይከፍታል።

ቀጥሎ መጠኑ መጣ። ባሕሪያ የሞተሯን ወረቀት በስልኳ ይዛለች፤ ሠላሳ ኩባያ ቤንዚን ለአንድ ኩባያ ዘይት ይላል። አንተ ደግሞ ዘይት አብዛላት፣ አሥራ አምስት ለአንድ አድርጋት አልክ። ያንተን ሞከርን፤ እሳት የምትጭርላት ካንዴላዋ ረጥባ ጠቆረችና ጠፋች። የወረቀቱን ሞከርን፤ ጠዋት ደህና ሄደች፣ ቀትር ላይ ግን ድምጿ ቀጠነ፣ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። እኔ ሃያ አምስት አልኩ። ባሕሪያ ከወረቀቱ አንወጣም ብላ ተከራከረች። «አጎቴ ያረጋል፣ የሠሯት ሰዎች አያውቁም ነው የምትለው?» አለችኝ። የሠሯትስ ያውቃሉ፣ ይህችን መንደራችንን ባሱንዳን ግን አያውቋትም፤ ይህን ፀሐይ ሳያዩ ነው የጻፉት አልኳት። ኩባያውን ተቀብላ ራሷ ለካችው። በማግስቱ ቀትር ካንዴላዋን ነቅለን አየናት፤ በልኩ የተቆላ ሰሊጥ መስላለች፣ ቡናማ፣ ደረቅ። እኔ የማነበው እንዲህ ያለውን ነው።

ወፉ በጥቅምት ስምንት ማለዳ መጣ። መጀመሪያ ከአድማሱ ጭስ የተነሳ ይመስል ነበር፤ ኋላ ጭሱ ዞረ። ጎረቤት መስክ ላይ ሲያርፍ አገዳው ሲጎብጥ አየሁት። ባሕሪያ ማማው ላይ ሆና ማራገቢያውን በእንጨት መታችው፤ አልተነሳችም። ደገመችው፤ አልተነሳችም። እኔ ከታች ቆሜያለሁ፤ በገብርኤል ምዬልሃለሁ። ያንተ ደጅ፣ ያ የእንጨት ወንበርህ፣ ሁሉም ታየኝ። በሦስተኛው አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስል ጮኸች። መንጋው ወደ እኛ ዞሮ ከላያችን ደረሰና ለሁለት ተቀዶ ግራና ቀኝ አለፈ። አብዱልሰላም ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቀረ፤ ያን ቀን «ያ ሐጅ» አላለኝም።

አሥራ ስድስት ቀን እንዲሁ ኖርን። ዝም ብለን አናስጮኻትም፤ ወፍም ይለምዳል። ማማውን እያዛወርን አንዴ በማለዳ፣ አንዴ ከቀትር ወዲያ እናስነሳታለን። አልዋሽህም፣ የመስኩ ዳር ተበልቷል። መሃሉ ግን ራሱን እንደተሸከመ ነው። ፍሬው ሲጠነክር ወፉ ተወን፤ ዛሬ አጫጆች ገብተዋል። አብዱልሰላም አንድ ራስ ቆርጦ በመዳፉ ፈለፈለና ጥቂት ቆረጠመ፤ ከዚያ ለከርሞም እረስ አለኝ። ለባሕሪያና ለእናቷ ከእኔ ድርሻ ማሽላ ሰፍሬላቸዋለሁ። ጎረቤቴም ለከርሞ ሳይበላብኝ ሞተሯን አውሰኝ ብሎ ከአሁኑ ወረፋ ይዟል።

ስለዚህ አልመጣም። መሐላዬ ወፍ ከበላው ነበር፤ ወፍ አልበላውም። መንገዱ ሰው የሚያግት ሽፍታ እንደሞላበት አውቃለሁ፤ ግን በእሱ አላመካኝም፤ መንገዱ ሰላም ቢሆንም አልመጣም ነበር። በልጅነትህ በጀርባዬ አዝዬሃለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው ብለህ ጀርባህን እንደሰጠኸኝ ገብቶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን አውርደኝ፣ ገና በእግሬ እሄዳለሁ። ስመጣም ልጠይቅህ እንጂ ልቀመጥ አይደለም፤ ማሽላ ተሸክሜ እመጣለሁ።

ጋቢውን አሁን ለብሼዋለሁ፤ ጠዋት ማማው ሥር ይበርዳል። ወርቅውሃ ልጠበው ብትል ከለከልኳት። ቀኔ ደርሶ እዚሁ ብሞት የምገነዘው በእሱ ነው፤ አደራ ያጠበው የለም። ሁለቱ ቀለበቶች ጫፉ ላይ አሉ። ሦስተኛው ጠብታ የወደቀበትን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ዙፋንን በብዙ ሰላም በልልኝ፤ ጋቢውን የፈተለችው እሷ ከሆነች እጇ ይባረክ፣ ስለ ጫፉ ይቅር ትበለኝ። ቴዎን ሥራ ቢዘገይም ራሱን እንዳይጥል ንገረው። ትንሳኤን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ባሕሪያ የምትባል እኩያ አለችሽ በላት። የሺመቤትን እጇን ይዘህ ይህን ደብዳቤ አንብብላት፤ በሰሊጡ ላይ ስትደርስ ትሳቅ። ወርቅውሃ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ጠርሙስ ዘይትም ከታምሬ ጋር ላኩልኝ ብላለች። ለተማሪዎችህም ሰላም በልልኝ፤ ስለ ነጩ ጨርቅና ስለ ሃያ አምስቱ ኩባያ አስተምራቸው። ማን ነገረህ ቢሉህ ፊደል ያልቆጠረ ታላቅ ወንድሜ በል፤ ስሜንም ጥራ።

ፊርማዬ ከታች ያለው አውራ ጣቴ ነው። የነከርኩት በሞተሯ ዘይት ነው፤ ቀለም አይደለም።

ወንድምህ ያረጋል
ባሱንዳ፣ ገዳሪፍ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.