ስለ ነጩ ክዳንና ስለተደፈኑት ማጣሪያዎች

ለተከበሩ ወይዘሮ ሂዲንጋ፣
የውሃ ቦርዳችን ዳይሬክተር

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ባለቤትዎንም፣ ከቢሮዎ ፊት ያስተከሏቸውን አበቦች ጭምር በሙሉ ጤንነት ያግኝልኝ። እኔ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ቪብረን ቶልስማ ነኝ። ደብዳቤውን ማንም አልጻፈልኝም፤ በቤተ መጻሕፍቱ የማታ ትምህርት ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝና ነጠላ ሰረዞቹ ሳይቀሩ የራሴ ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ባልደረባዬን ሪክስትን ሊያሰናብቷት መዘጋጀትዎን ስለሰማሁ፣ ከዚያ በፊት የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ውሃውን የሚያጣሩልን ሜምብሬኖች፣ ማለትም እነዚያ ስፓጌቲ የሚያካክሉ ቱቦዎች፣ ከፍሳሹ በሚወጣ ልጋግ መሰል ቆሻሻ ተደፍነው ፍሳሹ ወደ ቦዩ ሲገባና ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲንሳፈፉ፣ ጥፋተኛዋን በሁለት ቀን ስላገኙ፣ ለመወሰን ደግሞ ሰባት ወር ስላሰቡበት አደንቅዎታለሁ። መዝገቡ ላይ በየሳምንቱ «በክሎሪን ታጥቧል» የሚል ከሪክስት ፊርማ ጋር አገኙ። ያጠብኩት ግን እኔ ነኝ።

፪. የማጠቢያ ኬሚካል አቅራቢ ሲቀይሩ ስለላኩልን አሥራ አራት ገጽ መመሪያ አመሰግናለሁ። የሚወዛወዘውን የምሳ ጠረጴዛችንን እግር በሚገባ ደግፎልናል። አሁን ከዚያ አውጥቼ አነበብኩት። ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ባለ ነጭ ክዳኑ በርሜል ከእንግዲህ ክሎሪን ሳይሆን አሲድ እንደሚይዝ ይናገራል። አሲድ ኖራ ያነሣል፤ ልጋጉን የሚያነሣው ክሎሪን ነው። በርሜሉ ላይ ስሙ ጉንዳን በሚያካክል ፊደል ተለጥፎበታል፤ ፊደሉ ዝሆን ቢያክልም ያን ጊዜ ለእኔ ያው ነበር። በርሜል የማውቀው በክዳኑ ነው። አራት ወር በነጩ አጠብኩ። የክሎሪኑ ሽታ ሲጠፋም፣ እንዴት ያለ ሥልጡን ክሎሪን መጣልን እያልኩ ለጣቢያው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

፫. በየዓመቱ «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚለው ቅጽ ላይ ሲያስፈርሙኝ፣ ምን አነበብክ ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ ክብሬ ተጠብቆ ኖሯል። መነጽሬን ረሳሁ ስል፣ መነጽር የሚባል ነገር እንደሌለኝ የገባት ሪክስት ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ እኔ እየነገርኳት መዝገቡን እሷ ጻፈች። ነጩን ነው ያፈሰስኩት አልኳት፤ ክሎሪን ብላ ጻፈች።

፬. ሲጠይቋት ስሜን አልጠራችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ነበር። በኋላ ልናገር ነው ስላት፣ «አርፈህ ትምህርት ቤት ግባ። ስትጨርስ አንተው በእጅህ ትጽፍላቸዋለህ» አለችኝ። ይህን ያለችው ለእኔ አዝና ነው፤ እኔ ግን መደበቂያ አደረግኩት። ሰባት ወር ሙሉ ዳቦዋን ለብቻዋ መኪናዋ ውስጥ ስትበላ፣ እኔ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀልድ ሳወራ ከረምኩ።

ስለዚህ ሐሙስ ለእሷ ባዘጋጁት ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም ከሚበልጥ እፍረት ጋር፣ ፊርማውን በገዛ እጁ ያኖረ፣ ያለ መነጽር የሚያነብ ታዛዥዎ፣
ቪብረን ቶልስማ

ማስታወሻ፦ ከአደጋው በኋላ በርሜል ክፍሉ በር ላይ ያስለጠፉትን ሦስት ገጽ ማስጠንቀቂያ ሁለቴ አነበብኩት። የእርስዎ ስም አራት ጊዜ አለበት፤ የትኛው ክዳን የምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ የለም። ስለዚህ ከሩቅ እንዲታይ በየበርሜሉ ሆድ ላይ የያዘውን በጠመኔ ጽፌበታለሁ። እባክዎ እንዳያስጠፉት፤ በሥራ ቦታዬ በእጄ የጻፍኳቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ናቸው።