የውዱ ስንዴ

ይድረስ ለወላጅ እናቴ ለእሜቴ ወለተሩፋኤል፤ ጎንደር።

እማምዬ፣ ጉልበትዎን ስሜ እጠይቅዎታለሁ፦ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ክስ ላይ ናቸው? እኔ ልጅዎ፣ ከጃናሞራ ውርጭና ከአለቃዬ ቁጣ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ነበር። ድጓ ያስተማሩት ልጅዎ የፈረንጅ ዱቄት ወተት በጥባጭ ሆኖ ተሹሟል። የእርዳታ ማኅበሩ ወባ ወላጆቻቸውን ለጨረሰባቸው ልጆች ስንዴና ወተት ይሰጣል። እኔ እሰፍራለሁ፣ ፈረንጁ አለቃችን ይመዝናል፤ ስንዴውን ሳይሆን ልጆቹን። በየሳምንቱ እንደ በግ ሚዛን ላይ ያንጠለጥላቸውና ከከበዱ ፈገግ ይላል፣ ከቀለሉ እኔን ያያል።

ውዱ የምትባል ልጅ ቀለለች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። እናትና አባቷ ለማሽላ አጨዳ ወደ ዛሪማ ወርደው ንዳዱ በአንድ ሳምንት ወሰዳቸው። ትንሽ ወንድሟን ነጋን አዝላ ትመጣለች፤ እሱ ይወፍራል፣ እሷ ትከሳለች። አለቃዬ «ስንዴዋን ማን እየበላው ነው?» አለና ዐይኑን ከሆዴ አልነቅል አለ። ይህ ሆዴም ለምስክርነት የሚመች አይደለም። ንጹሕነቴን ያይ ብዬ ቤቷ ድረስ ወሰድሁት።

ስንዴው ስልቻ ውስጥ፣ አፉ ተሰፍቶ፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ምነው ልጄ ብላት «የእናቴና የአባቴ አርባ እየደረሰ ነው፤ ተዝካር ላወጣ ነው» አለች። ፈረንጁ፣ «የሞተ ሰው ስንዴ ይበላል ወይ?» ብለህ ጠይቃት አለኝ። ይህን ሳልተረጉም ቀረሁ። በቀልድ ላስተዋት ብዬ «ይህ ስልቻማ የአንድ ደብተራ ጉንጭ አይሞላም» አልኋት። «ይሆናል አያ አላምረው፤ ገና የምሞላበት ሁለት ሳምንት አለኝ» አለች። ቀልዴን እንዲህ አምኖልኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ቄሰ ገበዝ ኃይለ ጊዮርጊስን ለምኜ አመጣሁ። ያለ ምንም ድግስ እንፈታቸዋለን፣ አንቺ ብዪ፣ ብለው ማሉላት። «እናቴ በሰው አገር ያለ ቄስ የተቀበረች ናት። አሁንም ባዶ እጄን ላሰናብታት?» አለች። መስቀላቸውን ተሳለመች፤ ስፌቱን ግን አልፈታችም። ከዚያ ወዲያ ወተቱን እፊታችን እናጠጣት ጀመር። ብርዱ ግን ቀድሞን ደረቷ ገብቶ ኖሮ በጥምቀት ማግሥት ዐረፈች።

ተዝካሩን አወጣንላቸው። ሴቶቹ ስንዴዋን ፈጭተው ዳቦ ደፉት፤ ቄሰ ገበዝ የሦስቱንም ስም ባንድ ጠሩ። እማምዬ፣ የተዝካር ዳቦ አልፎኝ አያውቅም፤ የዚያን ቀኑን ግን ቆርሼ በእጄ ይዤው ቀረሁ። አለቃዬ ምን ሆንህ ቢለኝ፣ ትኩስ ነው አልሁት።

ለእህቴ ለሐረገወይን ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ አሮጌ ነጠላዋን እንዳትጥል፣ ለማዘያ ትፈለጋለች። ለጎረቤታችን ለአያ ዋኘው፣ ፒያሳ ሲሻገር ለማኪና መንገድ የሚለቅበትን ትሕትና እግዚአብሔር ይስጠው። ለጎረቤቶቻችንም ሁሉ እንደምን አላችሁ ብሏል ይበሉልኝ።

ነጋ አሁን ከኔ ጋር ያድራል። ማኅበሩ ሩቅ አገር ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ሊሰደው ነበር፤ እናቴ ታሳድገዋለች ብዬ ሳላስፈቅድዎ አስቀረሁት። አይቆጡኝ፣ እሺ ይበሉኝ። ዳቦ ሲሰጡት ቶሎ አይጎርስም፤ ቀና ብሎ «የማን ተዝካር ነው?» ይላል። «ዳቦው ያንተ ነው፣ ብላ» ይበሉት።

ልጅዎ አላምረው
መካነ ብርሃን፣ ጥር ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.