ምሳዬን ውጭ ነው የምበላው

ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን

ለተቆጣው ልጄ፣

ቁጣህ በደህና ደርሶኛል። አንተስ ደህና ነህ? ሳሉ ለቀቀህ? በዚያ ብርድ ደረትህን ሸፍነህ ውጣ፤ ጢም አብቅለህም ይህን መንገር አለብኝ።

አሁን ወደ ነገራችን። «እማዬ፣ በየምግብ ቤቱ እየዞርሽ ታዋርጂናለሽ አሉ» ብለህ ጽፈሃል። ማን ነው «አሉ»? ሬዲዮ ናታ! ይቺ ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤት። አባትህ ነፍሱን ይማረውና ይህን ስም ያወጣላት በከንቱ አልነበረም። እሷ ለእህትህ ነገረች፣ እህትህ ላንተ ደወለች፣ አንተ ለኔ ጻፍክ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሲመለስ እኔ ከወንድ ጋር ካንድ ሳህን የምበላ፣ ትርፍራፊ ተሸክሜ የምገባ አሮጊት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ቆልፌ እህትህ ጋ እንድገባ ሁለታችሁ ቆርጣችኋል። «ለጥቂት ጊዜ ነው» ትላለህ ደግሞ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለጥቂት ጊዜ ብሎ ልጁ ቤት የገባ ሽማግሌ መቼ ተመልሶ ያውቃል?

አልሄድም።

ስለ ምግብ ቤቱ ግን መስማትህ ካልቀረ ከራሴ አፍ ስማ። የምሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው፣ ወንበሮቹ አረንጓዴ የተቀቡት። የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል እገባለሁ፤ ያኔ ድስት ውስጥ የቀረውን ሾርባ በግማሽ ዋጋ ይሰጣሉ። ሜኑውን ማንበብ የምጀምረው ከዋጋው በኩል ነው። ለስላሳ አላዝም፤ ሎሚዬን በቦርሳዬ ይዤ ሄጄ ውሃዬ ውስጥ አደርጋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አስተናጋጇ አፍጥጣ አየችኝና «እማማ፣ ሎሚ እኛም ጋ አለ እኮ» አለችኝ።

«የናንተ ያስከፍላላ!» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። አሁን ራሷ ቆርጣ ትጨምቅልኛለች። የሷን ቲፕ ግን አስቀርቼባት አላውቅም፤ ቁጠባ ማለት የሰው ላብ መብላት አይደለም።

ያ «ወንድ» የተባለው ደግሞ ጡረታ የወጣው ፖስተኛችን ነው፤ የአንተን ደብዳቤ ስንት ዘመን ደረጃ ወጥቶ ያመጣልኝ የነበረው። እዚያ ቤት የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት ይተርፋል። ስለዚህ አንድ እናዝና ባዶ ሳህን እንጨምራለን። ሥጋው ለሱ፣ ድንቹና ካሮቱ ለኔ። ሥጋ ሲያምረኝ ቆርጦ ይሰጠኛል። የተረፈውን በምሳ ዕቃዬ ይዤ እገባለሁ፤ እራቴ ነው። የከፈልኩበትን ለማን ልተወው? ቅሌቴ ይኸው ነው። ነገ ደግሞ «እማዬ ልታገባ ነው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ሰውየው ሲያኝክ መንገድ ድረስ ይሰማል።

«ለምን ቤትሽ አታበስዪም?» ብለሃል። ለአንድ ሰው ማብሰል ኪሳራ ነው። ጋዙ አለ፣ ዘይቱ አለ፣ ግማሹ የሚበሰብስ ሽንኩርት አለ። ይህ እውነት ነው፣ ሙሉው ግን አይደለም። ሬዲዮ ጭሱን ስላየች አልደብቅህም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ዘመን የተማሪ ዩኒፎርም የሰፋ እጅ ክብሪት መጫር እያቃተው ነው። ባለፈው የኩሽናው ፎጣ በእሳት ተያያዘ። ፎጣው ነው የነደደው፣ ቤቱ አይደለም፤ ምንም የእሳት አደጋ መኪና አልመጣም። ግን ደነገጥኩ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ድስት መጣድ ትቻለሁ። እሳት እፈራለሁ።

እሳት መፍራትና ቤት መልቀቅን ምን አገናኛቸው? እህትህ ደግ ልጅ ናት፣ ክፉ አይንካብኝ። ግን እሷ ቤት ውሃ ልቅዳ ብዬ ስነሳ «ተይ እማዬ፣ ቁጭ በይ» ነው። መጋረጃ ልክፈት ስል «ቁጭ በይ»። ቁጭ ብዬ ምን ልጠብቅ? ሞቴን? እዚህ ግን በየቀኑ ተጣጥቤ፣ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ደህናውን ጫማ አድርጌ እወጣለሁ። «ምን ልታዘዝ?» የሚለኝ ሰው አለ። እኔም እመርጣለሁ።

ስለዚህ ምድጃውን ሸጥኩት። አዎ፣ አንተ የላክልኝን። ፎቅ ላይ የገቡት አዲስ ሙሽሮች ወሰዱት፤ ይብሰልበት፣ ይባረክላቸው። ገንዘቡን ይዤ ቀጥ ብዬ ወደ ባለ ምግብ ቤቱ ሄድኩ፤ ቀድሞ ለከፈለ ይቀንሳል።

«የዓመት ምሳ ልክፈልህ» አልኩት።

«ዓመት ሙሉ፣ እማማ?»

«ምነው? አይደርሱም ልትለኝ ነው?»

«ኧረ እንደሱ አይበሉ!»

«እንግዲያው ቀንስ።»

ቀነሰ። የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም አለኝ፤ እኔም እንዳይመለስ ነው የምፈልገው አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ካልክም በለኝ። የዓመት ምሳዬ ተከፍሎበት ተቀምጦ ወዴት ነው የምሄደው? አንተ እኮ የኔ ልጅ ነህ። የተከፈለበት ምግብ ሲደፋ ማየት እንደማትችል አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ እንደዚያ አድርጌ ያሳደግኩህ። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ያኔ እንነጋገር፤ ዋጋ ሳይጨምር ለሚቀጥለው ካልከፈልኩ።

ስለ ቤቴ ቁልፍ እንዳትጠይቀኝ ለእህትህ ንገራት። አንተ ግን ና። ናፍቀኸኛል፣ በጣም ነው የናፈቅከኝ።

ማዕድህ አይጉደል፤ አብሮህ የሚቀርብ ሰው አትጣ። እጅህን እስከ እርጅናህ ያጽናልህ።

ከቤቷ ለምሳ ብቻ የምትወጣው
እናትህ